ከ43 ምልልስ ወደ 10፦ ድረ ገጻችንን እንዴት እንዳፈጠንነው

ስልኩ የተደወለልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ደዋዩ ደሴ ውስጥ አማርኛ የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ናቸው። ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ያዘጋጀነውን የሰዋስውና የንባብ መልመጃ ድረ ገጽ ክፍል ውስጥ ይጠቀሙበታል። «ልጄ፣ ጥያቄዎቹ መልካም ናቸው፤ ልጆቹም ወደዋቸዋል» አሉኝ። «ነገር ግን ገጹ እስኪከፈት ድረስ እኔ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፌ እጨርሳለሁ። በዚያ መሀል የልጆቹ ሐሳብ ይበተናል።»

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስከፍተው ገጹ ሁለት ሴኮንድ እንኳን አይፈጅበትም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ግምቴ የመምህሩ ስልክ አርጅቷል የሚል ነበር። ተሳስቼ ነበር። ስሕተቴን ለማረም ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው እነዚያን ሁለት ወራት እንዳያባክን ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ፎቶግራፎቹን አሳነስኩ። በመግቢያው ገጽ ላይ ያሉት ሦስት ምስሎች ክብደታቸው በግማሽ ቀነሰ። ለመምህሩ ደወልኩ። «ምንም ለውጥ የለውም» አሉኝ። ቀጥሎ ገጹ ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ፣ የምንከፍለውን ወርኃዊ ኪራይ ከፍ አድርገን የተሻለ ማሽን ተከራየን። ገንዘቡ ከኪሳችን ወጣ፤ ገጹ ግን እንደ ቀድሞው ማዝገሙን ቀጠለ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ለዘመድ ሠርግ ደሴ በሄድኩ ጊዜ ነው። መምህሩ ቡና ጠርተውኝ ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ላፕቶፔን ከእርሳቸው ስልክ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። ክሮም በሚባለው አሳሽ ውስጥ ለድረ ገጽ ሠሪዎች የተዘጋጀውን መሣሪያ ከፈትኩና «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል መረጥኩ። ቀድሞ ኮምፒውተሬ ላይ የተቀመጠው ቅጂ እንዳያሳስተኝ አሳሹ የተቀመጡ ፋይሎችን እንዳይጠቀም አዘዝኩት። ከዚያ ገጹን እንደገና ጠራሁት።

ስክሪኑ ላይ የታየኝ ነገር ቁልቁል የሚወርድ ረጅም ደረጃ ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መስመር አለው። በመስመሩ ላይ ፋይሉ በእርግጥ የሚወርድበት ጊዜ በቀጭን ሰማያዊ ጭረት ይታያል፤ ከፊቱ ያለው ረጅሙ ክፍል ግን ሁሉም ጥበቃ ነው። መስመሮቹን ብቆጥራቸው 43 ሆኑ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ 14 ሴኮንድ ሄደ። ከዚህ ውስጥ ዕቃው በመንገድ ላይ የነበረበት ጊዜ ከአራት ሴኮንድ አይበልጥም።

«ምንድን ነው የምታየው?» አሉኝ መምህሩ። «ቤት ውስጥ ውሃ ቢያስፈልግዎት፣ ምንጩም ከተራራው ማዶ ቢሆን፣ በእንስራ አንድ ጊዜ መቅዳት ሲቻል በጣሳ 43 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው መምህር» አልኳቸው። «ውሃው አልበዛም፤ የበዛው መንገዱ ነው።»

ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው። ሰርቨራችን ጀርመን ውስጥ ነው ያለው። በዚያን ቀን ከደሴ በሞባይል ኢንተርኔት አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ 300 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። አሳሹ ገና አንድ ፊደል ሳይቀበል የሰርቨሩን አድራሻ ይጠይቃል፤ በቲሲፒ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ከዚያም ግንኙነቱ በሌላ እንዳይነበብ በቲኤልኤስ ይነጋገራል። የእኛ ሰርቨር ይጠቀምበት የነበረው ቲኤልኤስ 1.2 ለዚህ ለብቻው ሁለት ምልልስ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 በአንድ ምልልስ ይጨርሰዋል። ይህ ሁሉ አንድም ፋይል ሳይጠየቅ የሚጠፋ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ፋይሎቹ ይጠየቃሉ። አሳሽና ሰርቨር በሚነጋገሩበት የቆየ ደንብ፣ በኤችቲቲፒ 1.1፣ አሳሾች በአንድ የግንኙነት መስመር አንድ ጥያቄ ልከው መልሱን እስኪቀበሉ ሌላውን አይልኩም፤ ለአንድ ሰርቨርም በተለመደው አሠራር ከ6 በላይ መስመር አይከፍቱም። ከ43ቱ ውስጥ አንዱ የመግቢያው ሰነድ ነው፤ የፊደላቱን መልክ የያዙ አራት የፊደል (ፎንት) ፋይሎች ደግሞ ከሌላ ሰርቨር ይመጣሉ። የቀሩት 38 ፋይሎች ስድስት ስድስት እየሆኑ ሲሰለፉ 7 ዙር ይጠብቃሉ። ሰባት ጊዜ 300 ሚሊ ሴኮንድ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ነው። ፋይሎቹ እንደ ላባ የቀለሉ ቢሆኑ እንኳን ይህ ጥበቃ አይቀርም።

ታዲያ ወደ 14 ሴኮንድ ያደረሰው ምን ነበር? ሰንሰለቱ ነው። አንዱ የቅርጽ ፋይላችን ሌላውን ይጠራል፤ ያኛው ሦስተኛውን ይጠራል፤ ሦስተኛው ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር የአማርኛ ፊደል ያስመጣል። አሳሹ የመጀመሪያውን አውርዶ ካላነበበው ሁለተኛው መኖሩን ሊያውቅ አይችልም። ወደ አዲስ ሰርቨር በተሻገረ ቁጥር ደግሞ አድራሻ መጠየቁና ሰላምታው እንደገና ከሀ ይጀምራል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ይህን ያላየሁት የቢሮዬ መስመር ፈጣን ስለሆነና ፋይሎቹ ሁሉ ቀድሞውኑ ኮምፒውተሬ ላይ ስለነበሩ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የራሴን ኮምፒውተር ምስክርነት አልቀበልም። በዚያው ክሮም ውስጥ የደሴውን ሁኔታ የሚመስል መለኪያ ሠራሁ፤ ምልልሱ 300 ሚሊ ሴኮንድ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ የለካሁት በዚህ ነው። እናንተም ከማንኛውም ሥራ በፊት ተጠቃሚያችሁ ያለበትን ሁኔታ ለክታችሁ እንዲህ ያለ መለኪያ አብጁ።

ወደ ሥራው ስገባ መጀመሪያ የያዝኩት ሲኤስኤሱን፣ ማለትም የቅርጽ ፋይሎቹን፣ ነው፤ ምክንያቱም አሳሹ በሰነዱ ራስ ላይ የተጠቀሱትን የቅርጽ ፋይሎች ሳይጨርስ ገጹን መሳል አይጀምርም። ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኙን አንድ ማድረግ «ካት» በሚባለው የሊነክስ ትእዛዝ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ፋይሎቹን በተሰጠው ተራ እያነበበ አንዱን ከሌላው ሥር ይለጥፋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ተራው ነው። በሲኤስኤስ እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ሕጎች ሲጋጩ ከኋላ የመጣው ያሸንፋል። እኔ ፋይሎቹን በስማቸው ተራ አዋሐድኳቸውና የአዝራሮቹ ቀለምና የሰንጠረዦቹ ስፋት ተዘበራረቀ። መዋሐድ ያለባቸው በገጹ ላይ በተጠሩበት ተራ ነው።

የምስል አድራሻዎችም ይጠፋሉ። በሲኤስኤስ ውስጥ «ከዚህ አንድ እርከን ወደ ላይ» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ የሚቆጠረው ከሲኤስኤስ ፋይሉ ማኅደር ነው፤ የተዋሐደውን ፋይል ሌላ ማኅደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት አሳሹ ምስሎቹን በሌሉበት ይፈልጋቸዋል። ሌላ ሲኤስኤስ የሚጠራው «ኢምፖርት» ደግሞ ከፋይሉ ራስ ላይ መሆን አለበት። በውሕደት ምክንያት መሀል ከገባ አሳሹ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ስለዚህ ኢምፖርት የተደረገውን ፋይል ይዘት ራሱን በቦታው አስገቡ፤ ሰንሰለቱም የሚቆረጠው በዚሁ ነው።

አንድ ሙሉ ሌሊት የወሰደብኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች በተለይ የሚያጋጥም ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ፋይሎቹን ካዋሐድኩ በኋላ የገጹ ርእስ መሀል መሆኑን ትቶ ወደ ግራ ሄደ፤ የጥያቄዎቹ ሳጥንም ድንበሩን አጣ። ኮዱን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ስሕተት አይታይም። እውነትም አይታይም ነበር። ከመሀከላችን አንዱ ፋይሎቹን ያዘጋጀው በድሮ የዊንዶውስ ኖትፓድ ነው። ያ ኖትፓድ ግእዝ ፊደል ያለበትን ጽሑፍ በዩቲኤፍ 8፣ ፊደላትን በቁጥር በሚጽፈው ሥርዓት፣ ሲያስቀምጥ በፋይሉ ራስ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች እንደ ምልክት ይጨምራል፤ ቁጥራቸው 239፣ 187 እና 191 ነው። ፋይሉ ብቻውን ሲሆን አሳሹ ምንነታቸውን ስለሚያውቅ ይተዋቸዋል። ፋይሎች ሲገጣጠሙ ግን ምልክቱ መሀል ይገባና ከሥሩ ካለው ሕግ ስም ጋር ይጣበቃል። አሳሹም በዚያ ስም የሚጠራ ነገር ገጹ ላይ ስለማያገኝ ሕጉን አይሠራበትም። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ሕግ እንዲህ ሞተብን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን ሁሉ ያለ ምልክቱ በዩቲኤፍ 8 እንደገና ማስቀመጥ። አዲሶቹ የኖትፓድ ዕትሞች በራሳቸው እንዲህ ያደርጋሉ፤ የቆዩ ፋይሎቻችሁን ግን ፈትሹ።

ገጹን ወደሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ወደ ጃቫስክሪፕቱ፣ ስሄድ 14 ፋይሎች ጠበቁኝ። እነዚህን ከማዋሐዴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ ሁሉም ያስፈልጋሉ? ክሮም ውስጥ ገጹ ሲከፈት ከእያንዳንዱ ፋይል ምን ያህሉ በእርግጥ እንደሠራ የሚያሳይ ክፍል አለ። አምስቱ ምንም ሥራ አልነበራቸውም። አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ያነሣነው የሚንሸራተት የፎቶ ማሳያ ነበር፤ ማሳያው ሲነሣ ኮዱ ቀርቷል። ጄኩዌሪ የሚባለው ዝግጁ የጃቫስክሪፕት ኮድ ደግሞ በሁለት የተለያዩ ዕትሞች ሁለት ጊዜ ይወርድ ነበር። ቆሻሻን ከዕቃ ጋር አዋሕዶ መላክ ምንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የማይፈለገውን ጣሉ።

በጃቫስክሪፕት ውሕደት ላይ ሁለት ነገር አጋጥሞኛል። አንደኛው ይህ ነው፤ የላይኛው ፋይል መጨረሻው ላይ ሴሚኮሎን ከሌለውና ቀጣዩ ፋይል በቅንፍ ከጀመረ፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ኮምፒውተሩ የላይኛውን እንደ ተግባር፣ የታችኛውን ለእርሱ እንደ ተሰጠ ግብአት አድርጎ ያነበዋል። ለየብቻቸው ያለ ምንም እክል ይሠሩ የነበሩ ሁለት ፋይሎች ተያይዘው ይወድቃሉ። በየመጋጠሚያው አዲስ መስመርና ሴሚኮሎን ማስገባት ይበቃል። ሁለተኛው ኮዱ በጥብቅ ሕግ እንዲነበብ የሚያውጀው «ዩዝ ስትሪክት» የሚለው ቃል ነው፤ በውሕዱ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ ከዋለ አዋጁ ሥሩ ባሉት ሁሉ ላይ ይጸናል፤ በዝርክርክነት የተጻፉ የቆዩ ኮዶችም ያኔ መሥራት ያቆማሉ። ዛሬ እንደ ኢኤስቢልድ ያሉ መሣሪያዎች ይህን ሁሉ ጠብቀው ስለሚያዋሕዱ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው በእጁ ባይለጥፍ ይሻላል። የተዋሐደውን ፋይል ስትጠሩም «ዲፈር» የሚለውን ቃል ጨምሩበት፤ አሳሹ ሰነዱን ማንበቡን ሳያቋርጥ ፋይሉን ጎን ለጎን ያወርደዋል።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩትን ደግሞ ልናገር። ውጤቱ ሲያስደስተኝ አንዱን ነገር ከሌላው ሳልለይ ሁሉንም ማዋሐድ ጀመርኩ። የመግቢያውን ገጽ ኮድ፣ የፈተናውን ሰዓት ቆጣሪ፣ ውጤት የሚያሳየውን ሥዕላዊ ሰንጠረዥ፣ መምህራን ጥያቄ የሚያስገቡበትን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሳይቀር አንድ ፋይል ውስጥ ከተትኩ። ጥያቄ ለመመለስ ብቻ የመጣ ተማሪ የመምህራኑን መሣሪያ ጭምር እንዲያወርድ ፈረድኩበት። በርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ጭነቱ በማውረድ አያበቃም፤ ስልኩ ያን ሁሉ ኮድ ማንበብና መተርጎም አለበት። በተጨማሪም አንዲት ፊደል ባረምን ቁጥር ሙሉው ፋይል ስለሚለወጥ ተጠቃሚው ሁሉ ከነሙሉ ክብደቱ እንደገና ያወርደዋል። ስለዚህ መለስ ብዬ ለሦስት ከፈልኩት። ሁሉም ገጽ የሚፈልገውና እምብዛም የማይለወጠው አንድ ፋይል ሆነ። የመልመጃው ኮድ ሌላ ፋይል ሆነ። የመምህራኑ መሣሪያ መምህር ሲገባ ብቻ የሚጠራ ሦስተኛ ፋይል ሆነ። አብረው የሚያገለግሉ፣ አብረው የሚለወጡም ፋይሎች ናቸው አብረው መጓዝ ያለባቸው።

ፋይሎቹ በተጠቃሚው ስልክ ላይ ለአንድ ዓመት እንዲቀመጡም አደረግኩ፤ በሰርቨሩ ማዘዣ ላይ የሚጻፈው 31,536,000 ሴኮንድ ነው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ የፋይሉ ስም ውስጥ ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ይኑር። ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል፤ ስልኩ አዲሱን ያወርዳል፤ ያልተለወጠውን አይነካም። መለያ የሌለው ስም ለዓመት እንዲቀመጥ ካዘዛችሁ ግን ያረማችሁት ስሕተት ተጠቃሚው ስልክ ላይ ለወራት ይኖራል።

አሥራ ሁለቱ ትንንሽ ምልክቶች፣ ማለትም ቤቱ፣ መጽሐፉ፣ ሰዓቱ፣ ቀስቱና ሌሎቹ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ኪሎባይት አይበልጡም ነበር። ለአንድ ኪሎባይት ጀርመን ደርሶ መመለስ በእውነት ያሳዝናል። መጀመሪያ በቤዝ 64 ወደ ጽሑፍ ለውጬ ሲኤስኤሱ ውስጥ አስገባኋቸው። ምልልሱ ቀረ፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ሦስት ባይት አራት ፊደል ስለሚሆን ክብደታቸው በሲሶ ጨመረ። ከዚህ የባሰው ሲኤስኤሱን ማወፈራቸው ነው፤ አሳሹ ጽሑፉን ለመሳል የሚጠብቀው እርሱን ነውና። በመጨረሻ ሁሉንም ኤስቪጂ በሚባለው የሥዕል ቅርጽ በአንድ ፋይል አሰባስቤ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት መረጥኩ። ፋይሉ ከገጹ ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ መሆን አለበት፤ ከሌላ ሰርቨር ከተጠራ አሳሾች ይከለክሉታል። ኤስቪጂ ሳይሆን ተራ ምስል ያለው ሰው ደግሞ የቆየውን ዘዴ ይጠቀም፤ ምስሎቹን በአንድ ትልቅ ምስል ላይ ደርድሮ በየቦታው የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ማሳየት።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁትም፣ ደስ ያለኝም እዚህ ነው። አራት የፊደል ፋይሎች ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር እናስመጣ ነበር። «ሌሎች ድረ ገጾችም ስለሚጠቀሙበት ፋይሉ በተጠቃሚው ስልክ ላይ አስቀድሞ ይገኛል» የሚለውን ምክር ሰምተን ነው። ምክሩ ዛሬ አይሠራም። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ሳፋሪ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ፋይሎችን ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ከውጭ የምናስመጣው ፋይል ያለ አንዳች ትርፍ አዲስ አድራሻ መጠየቅንና አዲስ ሰላምታን ያስከፍለን ነበር። ፊደሉን ወደ ራሳችን ሰርቨር አመጣሁት። ፈቃዱ ይህን የሚከለክል ስላልነበረ ችግር አልገጠመኝም፤ እናንተም የምትጠቀሙበትን ፊደል ፈቃድ አስቀድማችሁ አንብቡ። ከአራቱ ውፍረቶች ሁለቱን፣ መደበኛውንና ደማቁን፣ ብቻ አስቀረሁ። የፋይሉ ቅርጽም ለድረ ገጽ ፊደል የተዘጋጀው ዎፍ 2 ነው፤ እርሱ በራሱ የተጨመቀ ስለሆነ ሰርቨሩ ደግሞ እንዲጨምቀው አያስፈልግም።

ከዚያ ፋይሉን ቆረጥኩት። የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል 358 ምልክቶች አሉት፤ ከእርሱ ሌላ ለልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች የተጨመሩ ክፍሎች አሉ። አማርኛ ብቻ ለሚጻፍበት ገጽ እነዚያ ተጨማሪዎች አያስፈልጉም ብዬ አሰብኩ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ነገር ግን ከዚያ አልፌ በድረ ገጻችን ላይ በዚያን ቀን የነበሩትን ፊደላት ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ አስወገድኩ። በሳምንቱ አንዲት መምህርት «ቍጥር» እና «ጐጃም» የሚሉ ቃላት ያሉበት ምንባብ አስገቡ። «ቍ» እና «ጐ» በፋይሉ ውስጥ ስላልነበሩ ስልኩ ከራሱ ፊደል አምጥቶ ተካቸው፤ በአንድ ቃል መሀል አንድ ፊደል ብቻ ወፍራም ሆኖ ታየ። ቋንቋ ለሚያስተምር ገጽ ይህ ነውር ነው። አሁን ዋናውን ክፍል ከነዲቃላ ፊደሎቹ፣ ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነግእዝ ቁጥሮቹ ሳልነካ አስቀምጬዋለሁ፤ የቆረጥኩት ተጨማሪዎቹን ብቻ ነው።

ፊደሉ እስኪደርስ ድረስ ጽሑፉ ተደብቆ እንዳይቆይም አዘዝኩ። ያለዚህ ትእዛዝ አሳሾች እስከ ሦስት ሴኮንድ ድረስ ባዶ ቦታ ሊያሳዩ ይችላሉ። «ስዋፕ» የሚለውን ምርጫ ስንጠቀም ተማሪው በስልኩ የራሱ የአማርኛ ፊደል ወዲያው ማንበብ ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ሲደርስ ይተካል።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ ክብደት ብዙ ሰው ስለሚሰጋ አንድ ነገር ልጨምር። በዩቲኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሦስት እጥፍ ይመስላል። ነገር ግን በዋናው ክፍል ያሉት ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ነው፤ ሁለተኛው ባይት ደግሞ ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። ይህን ያህል የሚደጋገም ነገር ጂዚፕ በሚባለው መጨመቂያ ሲጨመቅ እጅግ ይቀንሳል። የእኛ ሰርቨር ሰነዱን ይጨምቅ ነበር፤ ጃቫስክሪፕቱንና ኤስቪጂውን ግን አይጨምቅም ነበር። አንድ መስመር ማዘዣ አስተካከለው። የተጨመቀው የመግቢያ ሰነድ 11 ኪሎባይት ሆነ። ይህ መልካም መጠን ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሰርቨሮች በአዲስ ግንኙነት የተቀባዩን ምላሽ ሳይጠብቁ መጀመሪያ የሚልኩት 10 ጥቅል፣ ማለትም 14 ኪሎባይት ያህል ነውና ሰነዱ በአንድ ዙር ያልቃል።

ሁሉም ሲያልቅ 43ቱ 10 ሆኑ፤ አንድ ሰነድ፣ አንድ ሲኤስኤስ፣ ሁለት ጃቫስክሪፕት፣ አንድ የምልክቶች ፋይል፣ ሁለት ፊደልና ሦስቱ ፎቶግራፎች። በደሴው መለኪያ ጽሑፉ በአራት ሴኮንድ ተኩል ታየ።

ይህን ለባልደረቦቼ ሳወራ አንዱ «ኤችቲቲፒ 2 እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ 2 በአንድ መስመር ብዙ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ያስተናግዳል፤ ስድስት ስድስት እየሆኑ መሰለፍ ይቀራል። እኛም ከጥቂት ወራት በኋላ ይህንና ቲኤልኤስ 1.3ን ወደሚደግፍ ሌላ ሰርቨር ተዛወርን። የድሮውን 43 ፋይል ከነሰንሰለቱ መልሼ ሞከርኩት፤ ከ14 ወደ 8 ሴኮንድ ገደማ ወረደ። አሥሩ ግን በ3 ሴኮንድ ያህል ተከፈተ። ሰልፉ ቢቀርም ሰንሰለቱ አይቀርምና። አብሮ የተጨመቀ አንድ ፋይልም ለየብቻቸው ከተጨመቁ ዘጠኝ ፋይሎች ያንሳል፤ የሚደጋገሙት ቃላት ተጋርተው ይጨመቃሉ። ሲኤስኤሱን ለሦስት ከፍዬ ስሞክረው ደግሞ ልዩነቱ አልታየኝም። ስለዚህ ሰርቨራችሁ ኤችቲቲፒ 2 የሚጠቀም ከሆነ ሁሉንም በአንድ ለመጠቅለል አትጨነቁ፤ ሰንሰለቱን ቁረጡ፣ የማይፈለገውን ጣሉ፣ የቀረውን በጥቂቱ ሰብስቡ። የትኛውን እንደሚጠቀም በዚያው የኔትወርክ ክፍል ውስጥ «ፕሮቶኮል» የሚለውን ዓምድ አውጥቶ ማየት ይቻላል።

በወርድፕሬስ፣ በዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያው፣ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ሁሉ በእጃችሁ መሥራት አይጠበቅባችሁም፤ ፋይሎችን የሚያዋሕዱ ተጨማሪዎች ሞልተዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 አፓቼ ለተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ያወጣው ሞድ ፔጅስፒድም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ በራሱ ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ያየኋቸው ወጥመዶች በአብዛኛው መሣሪያው ሲሠራውም ይመጣሉ። ምርጫዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታብሩ። አንዱን አብሩ፤ በአሳሹ የግል መስኮት ገጹን ክፈቱ፤ ቅጾቹን ሞልታችሁ ላኩ፤ ከስልክም ሞክሩ፤ ከዚያ ቀጣዩን አብሩ። ስሕተት ከመጣ የትኛው እንዳመጣው ታውቃላችሁ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ለመምህሩ ሳልደውል ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የደወሉት እርሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የክፍል ድምፅ ይሰማኛል፤ ልጆቹ ምንባቡን ጮክ ብለው ያነባሉ። «ልጄ፣ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አቁሜአለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም «ኔትወርክ በጠፋ ቀን ደግሞ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል አልኳቸው፤ አሳሹ ፋይሎቹን በስልኩ ላይ ይዞ ያለ ኢንተርኔት ገጹን እንዲያቀርብ የሚያደርግ ዘዴ አለ። አሥር ፋይል ብቻ ማስቀመጥ ደግሞ ቀላል ነው። ከትናንት በስቲያ ጀምሬዋለሁ።